ሃያ ስድስት ካሬ

ብዙዎቻችሁ እስካሁን ቤት ፈልጋችሁ አታውቁም። ወይ ከወላጆቻችሁ ጋር ናችሁ፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ። አንድ ቀን ግን ደላላ ፊት መቆማችሁ አይቀርም፤ እሱም «ዛሬ ካልያዝሽው ነገ የለም» ይላችኋል። እኔ እዚያ ቀን ላይ የደረስኩት አምና በመጋቢት መጨረሻ፣ በ34 ዓመቴ ነው። ዘግይቼ ስለ ደረስኩ የተታለልኩባቸውን ነገሮች ለመናገር አላፍርም። ይህን ስታነቡ እንደ ታላቅ እኅታችሁ ጨዋታ ቁጠሩት እንጂ እንደ ትምህርት አትያዙት። ለትምህርቱ እሑድ ጠዋት አለን።

የወጣሁበት ምክንያት ቀላል ነው። የምንኖረው ቄራ፣ እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቆየችበት የቀበሌ ቤት ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ እማዬና እኔ፣ በሌላው ታናሽ ወንድሜ። ወንድሜ ለግንቦት የሠርግ ቀን ቆረጠ። አንድ ጠባብ ክፍል ለሙሽሮቹ፣ ሌላው ለእኔና ለእማዬ፣ ለዕቃውም፣ ለእንግዳውም ሊሆን ነው። ማንም «ውጪ» አላለኝም። ግን ስለ አዲሱ አልጋና ስለ ቁም ሳጥኑ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያው ያያሉ።

«ቤት ልከራይ ነው» ስላት እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና «ሳታገቢ?» አለች። ቀጥላ «ሰው ምን ይላል?» አለች። ሰው የምትላቸው የዕድሯን ሴቶች ነው፤ ከሰባት አይበልጡም። አልመለስኩላትም። ማታ መብራት ጠፍቶ ከተኛን በኋላ ከአልጋዋ ሆና «ልጄ፣ የምትሄጂበት ቤት ደረጃ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የግራ ጉልበቷ ከታመመ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ደረጃ ስታይ ፊቷ ይለወጣል።

«የለውም» አልኳት። ገና አንድም ቤት አላየሁም ነበር።

ፍለጋውን ከቄራ ጀምሬ ጎተራ፣ ከዚያ ሳሪስ እያልኩ ወደ ታች ወረድኩ። ዋጋውም ከእኔ ጋር አብሮ ይወርዳል የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጄ ላይ የቀሩት ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንዱ ሳሪስ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት፣ ሌላው ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ።

ሰርቪስ ቤቱ 5,500 ብር ነው። መሬት ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ለሥራዬ በአንድ ታክሲ ይደርሳል። ለእማዬ የገባሁትን ቃል የሚጠብቅልኝ እሱ ነበር። አከራይዋ ጥሩ ሴት ናቸው፤ ቡናም አቀረቡልኝ። ቡናውን እየጠጣሁ ሕጋቸውን ዘረዘሩልኝ። በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ምጣድ አይሰካም። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው። እንግዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አይቆይም። «እናቴም?» አልኳቸው። «እናትሽ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ማደር ግን... ዛሬ እናት ይባልና ነገ ሌላ ይመጣል። ስንቱን አየሁ መሰለሽ» አሉኝ። ቀጥለውም መቼ እንደማገባ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ የኪራይ ውሉ አንድ አንቀጽ ነው መሰለኝ፤ በየሄድኩበት ተጠይቄአለሁ።

ሰርቪስ ቤት ኖራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ቤቱ የአንተ ወይም የአንቺ ነው፣ ግቢው ግን የሰው ነው። እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ማታ ፕሮግራም አለኝ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ገና እያስተማርኩ ነው። በር እያንኳኳሁ ሰው ስቀሰቅስ ታየኝ።

አሁን ወደ ስቱዲዮው ልውሰዳችሁ። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲጀመር ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ የተሠሩት ቤቶች ናቸው የመጀመሪያዎቹ። ከዚያ በኋላ ሰው እየተመዘገበ፣ እየቆጠበ፣ ዕጣ እየጠበቀ ስንት ዓመት አለፈ! 20/80 ሲባል የምትሰሙት ሃያ በመቶውን ባለዕድሉ ቆጥቦ ሰማንያውን ባንክ የሚያበድርበት ነው። ስቱዲዮ በዚህ ውስጥ ትንሹ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል፣ የማብሰያ ጥግ፣ መጸዳጃ። እኔ ያየሁት ሕንፃ ከመሬቱ በላይ አራት ፎቅ አለው፣ ሊፍት የለውም። የመጨረሻው ፎቅ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ደላላው ግን «ከላይ ረጋጭ የለብሽም» ነው ያለኝ። እውነቱን ነው፤ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጠው ደላላው ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ሞልታ ትገባለች፤ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከመስኮቱ ሲታይ ሕንፃው አልቆ ሜዳው ይጀምራል፣ ወዲያ ደግሞ ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ አለ። ደላላው ቧንቧውን ከፈተው። ውኃ ፏ! ብሎ ወረደ። «እንኩ! ቱሉ ዲምቱ ውኃ የለም ይሉሻል፤ ይኸው!» አለ። ከእማዬ ሣጥን በወሰድኩት የልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ። መጸዳጃውንም ማብሰያውንም ጨምሮ 26 ካሬ መጣ። የመጽሐፍ መደርደሪያዬን የት እንደማቆም በልቤ ወሰንኩ። 7,000 ብር ነው የተባልኩት፤ «ሥራ ቦታሽ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም» አለ። ያን ቀን ውል ቢኖር እፈርም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቁልፍ የያዘችው ሴት ለቅሶ ሄዳ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ታሰበኝ። እኔ በዚያ ቤት ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አልኖርም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የመዘምራን ልምምድ አለ። ታዲያ የማልኖርበትን ሰዓት አይቼ እንዴት ልከራይ?

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ለዚያ ከቄራ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መነሣት ነበረብኝ። ሕንፃው ሥር ቆሜ ሰዓቴን አየሁ፤ ከዚያ ነዋሪ ሆንኩና ወደ ታክሲ መያዣው ከሰዎቹ ጋር ሄድኩ። ሰልፉን ብታዩት! ተማሪው ዩኒፎርሙን ለብሶ ቆሞ ያጠናል፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ምሳ ዕቃዋን አቅፋ ታንቀላፋለች፣ አንዱ አዛውንት ጋቢ ደርበው ተራ ያስከብራሉ። ማንም አልሾማቸውም፤ ግን ሁሉም ይሰማቸዋል። እኔ አዲስ መሆኔን አውቀው «ልጄ፣ ነገም ትመጫለሽ?» አሉኝ። «እያየሁ ነው» አልኳቸው። «እዪ፣ እዪ። ከአሥራ ሁለት ከሩብ በፊት ከደረሽ ደህና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፈጣሪ ይርዳሽ» አሉኝ። 38 ደቂቃ ቆምኩ። በቃሊቲ አድርገን ሳሪስ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስደርስ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖ ነበር። ቃሊቲ ላይ የከተማ ባቡሩ ይነሣል፤ በሌላ ቀን እሱንም ሞክሬአለሁ፣ ግን እስከ ቃሊቲ ያለው መንገድ ነው ሰዓቱን የሚበላው። የደላላው 30 ደቂቃ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በራሱ መኪና ይመስለኛል።

ማታውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ዋናው መንገድ መብራት አለው፤ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ግን አንዱ በርቶ ሁለቱ ጠፍተዋል። ሴቶች ብቻቸውን ሲሄዱ አየሁ፤ ያንን ነበር ለማየት የፈለግኩት። የግቢው ጥበቃ አስቁሞ «የማን እንግዳ ነሽ?» አለኝ። መጠየቁ ደስ አለኝ። ከአንደኛው ጎን ካለ አዳራሽ ግን ድምፅ ማጉያ እስከ ሰማይ ይጮሃል። ሙዚቃ ቤት ነው ብዬ በሆዴ ማማት ስጀምር መዝሙር መሆኑን ለየሁ። የራሳችን ወገኖች ናቸው! ጥበቃውን «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብለው «ሐሙስና እሑድ፤ እስከ ሦስት ሰዓት። ሕፃን ያላቸው ሰዎች ያማርራሉ» አለኝ። አማኝ መሆኔን አልነገርኩትም። ይህን የጻፍኩት የድምፅ ክፍል አገልጋዮቻችን እንዲያነቡልኝ ነው።

ትልቁን ነገር የነገረኝ ግን የእሑዱ ዝናብ ነው። የበልግ ዝናብ ነበር፤ ከአምልኮ በኋላ ደመናውን አይቼ በቀጥታ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ቁልፍ ያዢዋን ለምኜ አስከፈትኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እርስ በርስ መደማመጥ አልቻልንም። ከመስኮቱ በላይ ባለው ጥግ ውኃ እንደ ክር ወርዶ ነጩን ቀለም ቡና አስመሰለው። አዲስ የተቀባ ጥግ ስታዩ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። መጸዳጃውን ከክፍሉ የሚለየውን ግድግዳ በጣቴ አንኳኳሁት፤ አግሮስቶን ነው፣ እንደ ካርቶን ያስተጋባል። መጽሐፍ የተሸከመ መደርደሪያ እዚያ ላይ አይሰቀልም።

ዝናቡ እስኪያባራ ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት በራቸው ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሰል አያይዘው ቡና ይቆላሉ። ዕድሜያቸው ከእማዬ ብዙ አይርቅም። «ስትመላለሺ አየሁሽ፤ ቁጭ በይ» ብለው በርጩማ ገፉልኝ። ተቀመጥኩ።

ደላላ በወር የማይነግራችሁን እኒያ ሴት በሁለት ሲኒ ነገሩኝ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሌሊት ይመጣል። ግፊቱ ስለማይችል ከታች ያሉት ሞልተው ሳይጨርሱ አራተኛ ፎቅ አይደርስም፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። ለአዲስ አበባ ብዙ ውኃ የሚሰጡት የአቃቂ ጉድጓዶች እዚሁ አቅራቢያችን ናቸው፤ እኛ ግን በጀሪካን እናስቀዳለን። «ታዲያ ያን ቅዳሜ ቧንቧው እንዴት መጣ?» አልኳቸው። ሳቁ። ከመጸዳጃው በላይ ትንሽ ሮቶ ተቀምጣለች። ያን ቀን ጠዋት ደላላው በልጆች ስድስት ጀሪካን አስሸክሞ አስሞልቷታል። «በየሳምንቱ ያስሞላታል። አንቺ አራተኛዋ ነሽ» አሉኝ።

ጸልዬበታለሁ የምትሉ ልጆች አላችሁ፤ መልካም ነው፣ እኔም ጸልያለሁ። ቧንቧውን ግን በራሳችሁ ሰዓት ሄዳችሁ ክፈቱት፤ ሮቶውንም ቀና ብላችሁ እዩት።

ሌሎችም ነገሮች ነገሩኝ። ቀድሞ የነበረው ተከራይ የውኃና የመብራት ዕዳ ጥሎ እንደሄደ፣ ስለዚህ ውል ከመፈረሜ በፊት የመጨረሻውን ደረሰኝ እንዳይ። ለበግና ለእንጀራ ተብሎ የተሠራው የጋራ ሕንፃ ተከራይቶ መጋዘን እንደሆነ። ዕቃ ሲገባ ጫኝና አውራጆቹ በፎቅ ቁጥር እንደሚያስከፍሉ፣ መኪናው ከቆመ በኋላ መደራደር እንደማይቻል። አራተኛ ፎቅ የነበረችው ነርስ ስትታመም ሾርባ ማን እንዳወጣላትም ነገሩኝ፤ ይህንን ሲናገሩ ሲኒውን እያጠቡ ነበር፣ ቀና አላሉም።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ደብተር ላይ ሒሳብ ሠራሁ። የስቱዲዮው ኪራይ ቢቀንሱልኝ 6,000። ታክሲ በቀን 90 ብር፣ ለ24 ቀን 2,160። የጀሪካን ውኃ 320 ገደማ። ጥበቃና ጽዳት 150። ድምሩ 8,630 ብር። ሰርቪሱ ከነታክሲው 6,220። በመካከላቸው 2,410 ብር አለ። እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 16,800 ነው፤ ስቱዲዮው ከግማሹ በላይ ይበላል። ለእማዬ በየወሩ የምሰጣት 2,000 ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ልዩነቱ የእማዬ ገንዘብ ይመስል ነበር።

ቁጥሩ ሳሪስ ሂጂ ይላል። እኔም ሁለት ቀን ሳሪስ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ገንዘብ አይደለም፤ የማደሩ ነገር ነው። ሳሪስ እማዬ ደረጃ ሳትወጣ ትገባለች፤ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መውጣት አለባት። ቱሉ ዲምቱ ብትፈልግ አንድ ወር ትቀመጣለች፤ ግን መግባት አትችልም። የወጣቶች የቤት ኅብረታችንም አለ፤ አሥራ አንድ ሰው ነን፤ በ26 ካሬ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን እንበቃለን፣ በሰርቪሱ ግቢ ግን አሥራ አንድ ጫማ በር ላይ ሲታይ አከራይዋ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ይህ ምክንያት ነው ወይስ ሰበብ? ለራሴ የራሴን ቁልፍ ፈልጌ ነው ብዬ ብናገር ይሻላል። በ34 ዓመቴ በር ዘግቼ ብቻዬን ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ይህንን ለመናገር ያፈርኩት ለእማዬ እንጂ ለእናንተ አይደለም።

ነገርኳት። አሁንም ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ እናቴ ከባድ ወሬ የሚደርሳት ሁልጊዜ ሽንኩርት ላይ ነው። «እማዬ፣ ደረጃ አለው» አልኳት።

«ስንት?»

ቆጥሬው ነበር። «ስልሳ አራት።»

ዝም አለች። ቆይታ «አባትሽ እንኳ ስልሳ አራት አልሞላም» አለች። ከዚያ መክተፏን ቀጠለች። ያን ቀን ሌላ ነገር አልተባባልንም።

ውሉ ላይ አንድ ጉዳይ ቀረ። ቁልፍ የያዘችው ሴት የባለቤቲቱ አክስት ናት፤ ባለቤቲቱ ኩዌት በሰው ቤት ትሠራለች። አክስቲቱ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። ይህን ጉዳይ እወቁት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ መመዝገብም አለበት። በቀስታ አስረዳኋቸው። «እትዬ፣ ለእርስዎም ለእኔም የሚሻለው ይኸው ነው» አልኳቸው። «ሕጉን እኔም በቴሌቪዥን ሰምቻለሁ። ልጅቱን አናግሪያት» ብለው በኢሞ ደወሉላት።

መስመሩ ይቆራረጣል። ከበስተኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፤ የእሷ አይደለም። «እኅቴ፣ የባንኩ ዕዳና የሁለት ወንድሞቼ ትምህርት ከዚያ ቤት ነው» አለችኝ። ስድስት ሺህ እንደምችል፣ በየወሩ በባንክ እንደማስገባ፣ ጥጉን ካላስጠገነች ግን ክረምቱን እንደማይወጣ ነገርኳት። ስለ ጥጉ ስናገር ዝም አለች። «የቱ ጥግ?» አለች በመጨረሻ። ዕጣው የወጣላት ከሄደች በኋላ ነው፤ በውክልና ነው የፈረሙላት። ቤቷን በፎቶ እንጂ አይታው አታውቅም። ስልኩን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁና ዞር ዞር እያልኩ አሳየኋት። መስኮቱን፣ ማብሰያውን፣ ሮቶዋን፣ የሚያፈሰውን ጥግ። «ከመስኮቱ ምን ይታያል?» አለችኝ። ሜዳውን አሳየኋት። ስድስት ሺህ ተስማማች፤ ጣሪያውንም በሚቀጥለው ወር አስጠገነች።

ወረዳ ሄደን ውሉን አስመዘገብን፣ የሁለት ወር 12,000 ብር ከፈልኩ፣ ከወንድሜ ሠርግ አንድ ሳምንት በፊት ገባሁ። ጫኝና አውራጆቹን በጥበቃው በኩል ቀድሜ ተስማምቼ ነበር። ዘጠኝ ካርቶን መጽሐፍ ሲያዩ ግን አንዱ «መምህርት፣ ይኼ ሁሉ ተነቧል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ለእናንተም አልነግራችሁም።

ስለ ኑሮው ብዙ አልዘረዝርም። ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ቧንቧ አዳምጣለሁ። ቀን ቀን ፀሐይ ሲበረታ ቤቱ እንደ ምጣድ ይግላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያሉት አዛውንት አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ «ዘገየሽ!» ይሉኛል። ለእማዬ የምሰጣትን 2,000 አልቀነስኩም፤ ማታ ማታ የጽሑፍ እርማት ሥራ እየሠራሁ እሞላዋለሁ፣ አንዳንድ ወር ይጎድላል። በሬን ስዘጋ የሚሰማኝን ደግሞ እናንተም አንድ ቀን ታዩታላችሁ።

እማዬ የመጣችው በሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። አልጠራኋትም፤ ራሷ «ወንድምሽ ያመጣኛል» ብላ ደወለች። በርበሬ፣ ሽሮና በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች። ወንድሜ አድርሷት ለጉዳይ ሄደ፤ እኔ ክንዷን ያዝኩ። የመጀመሪያውን ፎቅ ሁለት ጊዜ አርፈን ወጣን። በሁለተኛው ላይ ብረቱን ጨብጣ ቆመች፤ ላቧን አየሁት። «ግማሽ ደርሰናል እማዬ» አልኳት። ምንም አልመለሰችም።

የሁለተኛ ፎቋ እናት ከሰላቸው ላይ ቀና አሉ። ሁለታችንን አዩን፣ የእማዬን ጉልበት አዩት። «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ። ደረጃው የትም አይሄድም» አሏት።

እማዬ ገባች። ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን በርጩማ ላይ አደረጉላት። ከጉልበት ጀመሩ፤ ከጉልበት ወደ ቅባት፣ ከቅባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ አለማግባት አለፉ። እኔ አራተኛ ፎቅ እየወጣሁ እመለሳለሁ። ያዘጋጀሁትን ወጥ አወረድኩ። ሳህን አወረድኩ። ውኃ አወረድኩ። ከዚያ የመስኮቱን መጋረጃ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አሳየኋት፤ «ደህና ነው» ብላ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ሦስተኛው ቡና ሲደርስ ወንድሜ መኪና ይዞ ከታች ጠራ።

«እማዬ፣ ሁለት ፎቅ ብቻ ነው የቀረው። ደግፌሽ እንውጣ» አልኳት።

«ሌላ ቀን» አለች። የሁለተኛ ፎቋ እናት እስከ ታች ሸኟት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የወረዱት።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቄራ ሄድኩ። የዕድሩ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ እማዬ ስለ ቤቴ እየነገረቻቸው ነው የደረስኩት። «ደህና ቤት ነው ያገኘችው» ትላለች፤ «ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ። ቡፌም አለው።»

እኔ ቡፌ የለኝም።